መደለልና ማጽናናት፦ በጭንቅ ሰዓት የሚነበብ ግጥም

ለቅሶ ቤት የገባ ሰው የሚናገረው ቃል አጭር ነው። «እግዜር ያጽናችሁ» ይልና ካገኘው ወንበር ላይ ቁጭ ይላል። የሞተው ይመለሳል አይልም፤ ሐዘኑ ነገ ይቀላል ብሎም ቃል አይገባም። አዲስ አበባ መንገድ ዳር በተተከለ ድንኳንም ሆነ ዋሽንግተን አካባቢ በተከራዩት አዳራሽ፣ ቃሉም መቀመጡም ያው ነው። ሐዘንተኛው ከዚህች አጭር ምርቃትና ከሰዎቹ አብሮ መቀመጥ አንድ ነገር ያገኛል። ማጽናናት የሚባለው ይህ ነው። ቃሉ የወጣው ከ«ጸና» ስለሆነ፣ ማጽናናት ማለት ጉልበቱ የከዳውን ሰው መልሶ በእግሩ ማቆም ነው።

አማርኛ ለዚህ ቃል ጎረቤት የሚመስል፣ ጠባዩ ግን የተለየ ሌላ ግስ አለው፦ መደለል። እናቱ ሥራ የሄደችበት ሕፃን ሲያለቅስ «አሁን ትመጣለች፤ ከረሜላም ይዛልህ ትመጣለች» ይባላል። ሕፃኑ ለጊዜው ዝም ይላል። ከረሜላው ሳይመጣ ሲቀር ግን ለቅሶው ይብሳል፤ በማግሥቱም ያንኑ ቃል ቢሰማ አያምንም።

ግጥም ተስፋና እርጋታ ይሰጣል ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ለዚሁ ተብለው መድበሎች ይዘጋጃሉ፤ ስንኞች ከአበባ ሥዕል ጋር ተለጥፈው ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራሉ። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ከሁለቱ ግሶች የትኛውን እንደሚል አይለይም። ባለፉት 25 ዓመታት በተለያየ የጭንቅ ሰዓት ሰዎች እጅ ለእጅ የተቀባበሏቸውን ጥቂት ግጥሞች በአማርኛ ጆሮ ሲያነቧቸው ልዩነቱ ይገለጣል።

የመጀመሪያው የፖላንዳዊው አዳም ዛጋየቭስኪ ግጥም ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2001 ኒው ዮርክ በተጠቃች ሰሞን «ዘ ኒው ዮርከር» መጽሔት ጥቁር በጥቁር ሽፋን ለብሶ ወጣ። በመጨረሻው ገጹ ላይ ክሌር ካቫና ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው «የቆሰለውን ዓለም ለማወደስ ሞክር» የሚለው ግጥም ነበረ። ለዚያ ሳምንት የተጻፈ ይመስል ነበር። ነገር ግን የተጻፈው ከጥቃቱ በፊት ነው፤ መነሻውም ኒው ዮርክ አይደለችም። ዛጋየቭስኪ በ1945 በልቮቭ ተወለደ። ከተማዋ ወደ ሶቪየት ኅብረት በመጠቃለሏ፣ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ተነቅሎ ቀድሞ የጀርመን ወደነበረችው ወደ ግሊቪጼ ሄደ። የግጥሙንም ምንጭ ሲናገር፣ ከአባቱ ጋር ያለፈባቸውን፣ ከጦርነቱ በኋላ ነዋሪዎቻቸው በግድ የተነሱባቸውን የዩክሬናውያን መንደሮች ያነሳ ነበር።

በግጥሙ ውስጥ የስደተኞቹን ግቢ ሳማ ወርሶታል። ይህ ሥዕል ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሳማ ሰው በለቀቀው ቅጥር እንዴት እንደሚወፍር፣ ባድማ የሚባለውም ምን እንደሆነ ያውቃል። ከሳማው አጠገብ ደግሞ የዱር እንጆሪ አለ፤ የሙዚቃ ምሽት አለ፤ ሁለት ሰዎች አብረው የነበሩበት ክፍል አለ። ገጣሚው ደጉን አንሥቶ ክፉውን አይሽርበትም። የሚሰደዱትም፣ የሚገድሉትም፣ የበጋው ረጅም ቀንም በአንድ ግጥም ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ለሌላው ቦታ አይለቅም።

የግጥሙ ኃይል ያለው በትእዛዙ አወራረድ ላይ ነው። የማወደስ ጥሪ አራት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱም እንደ ሌላው አይደለም። መጀመሪያ ሙከራን ብቻ ይጠይቃል። ቀጥሎ ግዴታ ይሆናል። ከዚያ ላላ ይልና ወደ ምክር ይጠጋል። በመጨረሻ ያለ አጋዥ ግስ፣ ራቁቱን ይቆማል። አራት ጊዜ ደጋግሞ፣ በየጊዜውም ድምፁን ለውጦ የሚናገር ሰው ስለሚለው ነገር እርግጠኛ አይደለም። ራሱን እያሳመነ ነው። አንባቢውን የሚያረጋጋውም ይህ ነው። ከላይ ሆኖ «ዓለም ውብ ናት» የሚል ሰባኪ አላገኘም፤ ያገኘው እንደ እርሱ የሚታገል ሰው ነው።

ግጥሙን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። የእንግሊዝኛው ትርጉም ማንን እንደሚያዝ ሳይናገር ያልፋል። አማርኛ ግን ከመጀመሪያው ቃል ይጠይቃል፦ ሞክር ወይስ ሞክሪ፣ ሞክሩ ወይስ ይሞክሩ? «ይሞክሩ» ቢባል ግጥሙ የሬዲዮ ምክር ይሆናል፤ «ሞክሩ» ቢባል ስብከት። የፖላንድኛው ግስ አንድ ቦታ ላይ ወንድን እንደሚያናግር ይታወቃል፤ ስለዚህ ተርጓሚው «ሞክር»ን ቢመርጥ ከዋናው አይርቅም። «ሞክር» ደግሞ በአማርኛ ሰው ለጓደኛው፣ አባት ለልጁ፣ ከሁሉም በላይ ሰው ሌሊት ብቻውን ሆኖ ለራሱ የሚለው ቃል ነው። መጽናናቱ ያለው በዚህ ቅርበት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ግጥም በኦሃዮ የምትኖረው የማጊ ስሚዝ «ጥሩ አጥንት» ነው። በጁን 2016 «ዋክስዊንግ» በተባለ የድረ ገጽ መጽሔት ወጣ። በዚያው ሰሞን በኦርላንዶ አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ 49 ሰዎች በጥይት ተገደሉ፤ ግጥሙም በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን ዞረ። አንድ የአሜሪካ ሬዲዮ ድርጅት የ2016 ይፋዊ ግጥም ብሎ እስከ መሰየም ደረሰ። ግጥሙ አጭር ነው። ተናጋሪዋ እናት ናት። የዓለምን ክፋትና ደግነት እንደ ሒሳብ ታካፍላለች፤ ክፉው ግማሽ ነው ስትልም አሳንሳ መገመቷን አትደብቅም። ይህን ሁሉ ከልጆቿ እንደምትሰውር ደግሞ ደጋግማ ትናገራለች። በመጨረሻ ራሷን ከቤት ሻጭ ጋር ታመሳስላለች፤ ያረጀ ቤት ይዞ ደንበኛውን ለማግባባት የሚጥር ሻጭ።

በአማርኛ ይህ ሻጭ ስሙ ደላላ ነው። ደላላና መደለል በጆሮ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቤት ፈልጎ አዲስ አበባን የዞረ ሰው ሁሉ የዝምድናው ማስረጃ በእጁ አለ። ርዕሱም ቢሆን ቃል በቃል አይመጣም። በአማርኛ ቤት አጥንት የለውም፤ ቋሚና ማገር ነው ያለው። ልስኑ ረግፎ፣ ጣሪያው አፍስሶ፣ ግን ቋሚውን ምስጥ ያልበላው ቤት ያየ ሰው ግጥሙ ምን እንደሚል ይገባዋል። ምስጥ ያልነካው ቋሚ ካለ ጭቃውን እንደገና መምረግ ይቻላል።

ታዲያ ይህ ግጥም ይደልላል ወይስ ያጸናል? ሁለቱንም ያደርጋል፤ የሚያደርገው ግን ለተለያዩ ሰዎች ነው። ልጆቹ ይደለላሉ። አንባቢው ግን ደላላዋ በር ዘግታ የቤቱን ጉድለት ስትቆጥር አብሯት ቁጭ ብሏል፤ ከእርሱ የተደበቀ ነገር የለም። እናቲቱ ለልጆቿ የማትነግረውን ለእርሱ ነግራዋለች፤ ስለ ነገረችውም የመጨረሻው የተስፋ ፍንጭ ዋጋ ያገኛል። ጉድለቱን ደብቃ ቋሚውን ብቻ ብታሳይ ኖሮ ማንም አያምናትም ነበር። ግጥሙ ሙሉ ለሙሉ ሲነበብ ያጸናል፤ የመጨረሻ ስንኞቹ ብቻ ተቆርጠው በካርድ ሲታተሙ ደግሞ ወደ ድለላ ይወርዳል። ብዙ የተስፋ ጥቅሶች የሚወድቁት በዚህ ነው። ተስፋው ይቆረጥና ዕዳው ይቀራል።

በአዳ ሊሞን ግጥም ነገሩ ወደ ወቅት ይመጣል። ሊሞን ከ2022 እስከ 2025 የአሜሪካ የክብር ገጣሚ ነበረች። «ተስፋ ላለመቁረጥ የሚሆኑ መመሪያዎች» የተሰኘው ግጥሟ የሚገኘው በ2018 በወጣውና ልጅ መውለድ አለመቻልን፣ የጀርባ ሕመምንና መሸከምን በሚያነሳው መድበሏ ውስጥ ነው። ርዕሱ መመሪያ ይበል እንጂ ውስጡ አንድም ምክር የለም፤ ያለው ዛፍ ነው። ጸደይ ሲገባ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው አበባውን ነው። ገጣሚዋ ግን ዐይኗን የምትጥለው አበባው ረግፎ ካለቀ በኋላ በሚመጣው ተራ ቅጠል ላይ ነው። ማንም ፎቶ የማያነሳው፣ ክረምቱ ካደረሰበት ጉዳት በኋላ ዝም ብሎ ሥራውን የሚጀምረው ቅጠል።

ለአማርኛ ግጥም ይህ ጠቃሚ ተግሣጽ ነው። ተስፋ በአማርኛ ግጥም በየዓመቱ መስከረም ላይ አደይ አበባ ለብሶ ይመጣል። የክረምቱ ጨለማ ይገፈፋል፣ ሜዳው ቢጫ ይለብሳል፣ አዲሱ ዓመት የሰላምና የፍቅር ይሆናል። አደይ በእውነት ውብ ናት፤ ችግሩ የእርሷ አይደለም። ችግሩ ያለፈው ዓመትም እንዲሁ ተብሎለት ምን ሆኖ እንዳለቀ ግጥሙ አለማስታወሱ ነው። አደይ ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ትሄዳለች። ገበሬው ግን ተስፋውን የሚያየው በቡቃያው ላይ ነው፤ ቡቃያው ደግሞ አረም፣ ተባይና በረዶ እንዳለበት ያውቃል። እያወቀ ያርማል። የሊሞን ቅጠል ከአደይ ይልቅ ለዚህ ገበሬ ቡቃያ ይቀርባል።

የርዕሱ የአማርኛ ትርጉምም አንድ ነገር ይጨምራል። አማርኛ ተስፋ አለቀ ወይም ጠፋ ከማለት ይልቅ ሰው ተስፋ «ቆረጠ» ማለትን ያዘወትራል። መቁረጥ የሰው ድርጊት ነው፤ እጅ ይፈልጋል። እንግዲህ ተስፋ አለመቁረጥ ትልቅ የደስታ ስሜት ላይፈልግ ይችላል፤ መቀሱን አለማንሳት ብቻ ሊሆን ይችላል። ጠዋት መነሣት፣ ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ የማይነሳ ስልክን ደግሞ መሞከር።

ስልኩ ሲነሳ ግን ከባዱ ተቃውሞም አብሮ ይነሳል። ሰላም ባለበት አገር፣ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ግጥም እያነበቡ መረጋጋት ተገቢ ነው ወይ? በትግራይ ጦርነት ጊዜ መስመሩ ተቋርጦ የእናቱን ድምፅ ለወራት ሳይሰማ የከረመ ሰው አለ። በአማራና በኦሮሚያ በሚካሄደው ግጭት ምክንያት ቀበሌው ስሙ በዜና በተጠራ ቁጥር የሚደነግጥ አለ። ይህ ሰው ፍራንክፈርት ወይም ዱባይ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ፣ በባቡር ወደ ቤቱ ሲመለስ ስልኩ ላይ አንድ ግጥም አንብቦ ልቡ ረጋ ቢል፣ እርጋታው ራሱ እንደ ክህደት ሊሰማው ይችላል።

ለዚህ ጥያቄ ቅርብ የሆነው ግጥም የኢሊያ ካሚንስኪ «በጦርነቱ ጊዜ በደስታ ኖርን» ነው። ካሚንስኪ በ1977 ኦዴሳ ተወለደ፤ በልጅነቱ የመስማት ችሎታውን አጣ፤ በ1993 ከቤተሰቡ ጋር በስደት አሜሪካ ገባ። ግጥሙ በ2019 የወጣው «መስማት የተሳናት ሪፐብሊክ» የተባለው መጽሐፉ መክፈቻ ነው። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ሰዎች በብዛት ተቀባበሉት፤ እርሱም ቢሆን አስቀድሞ የተጻፈ ነበር። ተናጋሪዎቹ የሌሎች ቤት በቦምብ ሲፈርስ በሀብታም አገር የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። መቃወማቸውን ይናገራሉ፤ ተቃውሟቸው ያነሰ መሆኑንም አይክዱም። ይቅርታም ይለምናሉ።

ይህ ግጥም እርጋታ አይሰጥም። እንዲያውም የነበረውን ይወስዳል። ሆኖም አንድ ነገር ያደርጋል፤ ኀፍረቱን በ«እኛ» ይናገራል። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ብቻውን ከሚሸከማቸው ነገሮች አንዱ ይህ ኀፍረት ነው። ለአገር ቤት ዘመዱ አይነግረውም፤ ለሥራ ባልደረባው ቢነግረው አይገባውም። በግጥሙ ውስጥ ግን ሌሎችም እንደሚሸከሙት ያያል። ሸክሙ አልወረደም፤ ተሸካሚው ግን ብቻውን አለመሆኑን ዐወቀ። ከመደለል በቀር ሌላ የማያውቅ ግጥም ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ምክንያቱም መደለል ኀፍረቱ እንዲረሳ እንጂ እንዲነገር አይፈልግም።

ማጽናናትን በዚህ መንገድ ማየት ለአማርኛ ባሕል እንግዳ አይደለም። ሙሾ አውራጇ ለቅሶ ቤት ስትመጣ «አይዟችሁ» እያለች አትጀምርም። የሟቹን ስም ትጠራለች፣ አካሄዱን፣ ለጋስነቱን፣ ጥሎት የሄደውን ልጅ ታነሳለች። የጎደለውን በትክክል ትቆጥራለች። ሰው ያለቅሳል፤ ካለቀሰ በኋላም «ወጣልኝ» ይላል። ሐዘኑን ስሙን ጠርታ ስለ ለካችለት ነው የቀለለው። ዛጋየቭስኪ ሳማውን ሲያይ፣ ስሚዝ ክፉውን ግማሽ ስትቆጥር፣ ካሚንስኪ ጥፋቱን ሲናገር የሚያደርጉት ከዚህች ሴት ሥራ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ እርሷ በሕዝብ መካከል መቆሟ፣ እነርሱ ደግሞ አንድ አንባቢን ብቻውን ማግኘታቸው ነው።

በዚህ ሚዛን የራስን ግጥምም መመዘን ይቻላል። የገብረ ክርስቶስ ደስታ «ሀገሬ» በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መድረክ ላይ በብዛት ከሚነበቡት ግጥሞች አንዱ ነው። ርቆ ያለ ሰው የአገሩን ውበት እየዘረዘረ የሚናፍቅበት ግጥም ነው። ለመድረክ ማድመቂያ፣ ከባንዲራና ከምግብ ጋር ሲቀርብ በቀላሉ ድለላ ይሆናል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ያለቅሳል፣ ይበተናል። የገጣሚውን ፍጻሜ አብሮ የሚያስብ ሰው ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ገብረ ክርስቶስ ኮሎኝ ሥዕል የተማረ፣ አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሠዓሊ ነበር። በደርግ ዘመን አገሩን ለቆ ወጣ፤ በ1981 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ናፍቆቱ መልስ አላገኘም። ግጥሙ ግን አልፈረሰም፤ መመለስ ቃል ያልተገባላቸው ሰዎች ዛሬም ይቆሙበታል። ይህን እያወቁ ሲያነቡት «ሀገሬ» ያጸናል።

እዚህ ላይ የአነባበብ ነገርም አለ። «መረጋጋት» የሚለው ቃል ከ«ረጋ» ነው፤ ወተትም የሚረጋው ሳይነካ ሲቀመጥ ነው። አሥር ግጥም በአንድ ቁጭታ በስልክ ላይ እያሳለፉ ማየት ሲንጡ እንደ መዋል ነው። አንዱን ግጥም ይዞ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ካስፈለገም ለራስ ወደ አማርኛ እየመለሱ ማንበብ ግን ጊዜ ይወስዳል። «ሞክር» ልበል ወይስ «ሞክሪ»፣ አጥንት ልበል ወይስ ቋሚ እያለ የሚያስብ ሰው፣ ለዚያች ግማሽ ሰዓት ዜናውን አላየም። ዜናው አልተለወጠም፤ እርሱ ግን ወደ ዜናው የሚመለሰው ትንፋሹን ሰብስቦ ነው።

ከዚህ በላይ ከግጥም መጠየቅ አይገባም። ጦርነት አያቆምም፤ ቪዛ አያወጣም፤ የሞተ አያስነሳም። ይህን አደርጋለሁ የሚል ግጥም ካለ ከረሜላ ይዞ የመጣ ደላላ ነው። ጥሩው ግጥም ለቅሶ ቤት እንደ መጣው ጎረቤት ነው። ብዙ አያወራም። የሆነውን ያውቃል፣ እንዳልሆነም አያስመስልም። ሐዘንተኛው ቀና ሲል ያየዋል፤ ወንበሩ ላይ አለ።